ሦስት ጊዜ የተለቀለቀ ጠርሙስ

«ጠጣው እስቲ!» አሉ ታላቅ እህታቸው፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርገው እያስቀመጡ። «ንጹህ ነው አይደል የምትለው? በል እፊቴ ጠጣው።»

ጋሽ ጠብታ ብርጭቆውን አነሡና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማው ውሃ አገልግሎት ላቦራቶሪ የሠራ ሰው፣ ብርጭቆ ውሃ እንደ ማንም ብድግ አድርጎ አይጠጣም። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዝቃጭ የለው፤ በልጅነታቸው ከሰማያዊው የሳይንስ መጽሐፍ በቃላቸው የያዙት ዓይነት ውሃ። በኮታቸው የውስጥ ኪስ ደግሞ በገዛ እጃቸው የፈረሙበት የሳምንቱ ውጤት ታጥፎ ተቀምጧል። «ታችኛው ሠፈር፤ የጀርም ብዛት ዜሮ» ይላል።

«ምኑን ነው አፍጥጠህ የምታየው? ጀርም በዓይን ይታያል እንዴ?»

«አይታይም እትዬ።»

«እንግዲያው መስኮቱን ተወውና ጠጣ።»

ከጓዳ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ልቅሶ እንኳ አይባልም፤ አልቅሶ አልቅሶ የደከመ ልጅ የሚያሰማው ዓይነት ጭርጭርታ ነው። የእህታቸው የልጅ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ይቀራታል፤ ሆዷ ሲበላሽ በዚህ ክረምት ብቻ ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነው። ያ ድብልብል ጉንጯ ሟሟ፤ እግሯ ክር አከለ። ሐኪሙ በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት በሰጣቸው ቁጥር «ውሃዋን ተጠንቀቁ» ይላል፤ እህትየውም ከሐኪም ቤት በር ላይ ሆነው ወንድማቸው ዘንድ ይደውላሉ።

«ባለፈው ጀሪካኑን እጠቡ አልክ፤ አጠብን። ቀጥለህ ክዳኑ ነው አልክ፤ ቀየርን። ከዚያ የልጅቱ እጅ ነው አልክ፤ ቆዳዋ እስኪነሣ በሳሙና ፈተግናት። አሁን ያልታጠበ የቀረው የኔ ራስ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? በየሳምንቱ ይመረመራል፤ በየሳምንቱ ንጹህ ነው። ብቻ እናንተ አፍልታችሁ…»

«አፈላለሁ! አፍልቼ አቀዝቅዤ ዘወር ስል ቧንቧው ሥር ሄዳ አፏን ትደቅናለች። ምን ላድርጋት? ልሰራት?»

ጋሽ ጠብታ ውሃውን ግጥም አድርገው ጠጡና ብርጭቆውን ደፉት። ያጠጣቸው ጥማት አልነበረም፤ እልህ ነው።

«ጠብታ» ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው ያወጡት፤ ያውም በመጀመሪያው ወር። ጋሽ ጠብታ ረጅሙን የመስታወት ቱቦ ፊት ለፊታቸው አቁመው፣ ከሥሩ ጠርሙስ ደቅነው፣ የምትወርደዋን ፈሳሽ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሲቆጥሩ፣ ጣራው ቢደረመስ ቀና አይሉም። «አንዲት ጠብታ ካለፈች ሁሉም ውሸት ነው» ይላሉ። ይህን ያስተማሯቸው የድሮው የኬሚስትሪ መምህራቸው ነበሩ፤ ለስልሳ ተማሪ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ብቻ ባለው ክፍል ውስጥ፣ ማስመሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ እያጮሁ። «ዕቃህ ትናንት የያዘውን አይረሳም! በምትቀዳው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው! ያኔ እውነቱን ይነግርሃል!» ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «ሦስት ጊዜ!» ይል ነበር። ከዚያ ክፍል የወጡ ሰዎች ዛሬ ሻይ ሲቀዱ እንኳ ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ ሳያለቀልቁ እጃቸው አይታዘዝላቸውም።

ከእህታቸው ቤት እንደወጡ የሠፈሩ ሰው ከበባቸው። ጋሽ ጠብታ እዚያ መንገድ ላይ ከታዩ ጥያቄ አይቀርላቸውም።

«ጋሼ፣ ቧንቧው ጠዋት ጠዋት ወተት ነው የሚያወርድልን። ያ መድኃኒታችሁ በዛ እንዴ?» አለች አንዲት ሴት፣ ባልዲዋን እንደያዘች።

«አየር ነው። ቱቦው ውስጥ ግፊት ስላለ አየሩ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፤ ሲወጣ ግፊቱ ይለቀውና አረፋ ይሆናል። ብርጭቆ ውስጥ ቅጅና ትንሽ ጠብቂ። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ አትጨነቂ። ከላይ ወደ ታች ከጠራ ግን ዝቃጭ ነውና ጥሪኝ።»

«እኔ የምለው ጋሼ፣» አለ ከወደ ጥግ ጫማ ጠጋኙ፣ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ፣ «ከሰል ውሃ ያጣራል የሚሉት ወሬ ነው እውነት? እጅ የሚያጠቁር ነገር ሌላውን እንዴት አድርጎ ነው የሚያነጣው?»

«እውነት ነው። ከሰል ካርቦን ነው፤ ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ሽታውም ቀለሙም እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ጀርም ግን አይገድልም። ሳትለውጠው ከቆየህማ ጭራሽ ይፈለፈልበታል።»

«እና ቤት ዘግቶ ሲነድ ሰው የሚጨርሰውስ?»

«እሱም ያው ካርቦን ነው። አየር ሲያጥረው በቅጡ መንደድ ያቅተውና ሌላ ጋዝ ይሆናል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። መስኮትህን ክፈት።»

«አይ ጋሼ! አንድ የማያውቁት የለም።»

«አንድስ አለ፣» አለች ባልዲ የያዘችው ሴት። ፈገግታዋ ጠፍቷል። «እዚህ መንገድ ላይ ሰባት ልጅ ሆዱ ተበላሽቷል። ላይኛው ሠፈር አንድም የለም። የሁለታችንም ውሃ ከአንድ ጋን ነው የሚወርደው ትላላችሁ። እስቲ ይህንን ይንገሩኝ።»

ጋሽ ጠብታ በእጃቸው ኪሳቸውን ዳሰሱ፤ ወረቀቱ አለ። ወረቀቱን ማውጣት ግን አፈሩ። «እናየዋለን» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። «እናየዋለን» ማለት ከመሥሪያ ቤት ሰው አፍ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ እሳቸውም ያውቁታል፤ ሴትየዋም ታውቀዋለች።

በማግስቱ ሆዳቸው ተገለበጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ቤት፣ ከመጸዳጃ ቤት ወደ አልጋ ሲመላለሱ ዋሉ። «ትናንት የበላሁት እንቁላል ነው» አሉ መጀመሪያ። ባለቤታቸው ደረቅ ሳቅ ሳቁ። «ዜሮ ጀርም እንዲህ ካንከላወሰህ፣ አንድ ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ ሬሳህን ነበር የምናነሣው።» ጋሽ ጠብታን የሚያናድዳቸው ሕመሙ አልነበረም። ሆዳቸው አንድ ነገር ይላል፤ ወረቀቱ ሌላ ይላል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የሳቸው ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ገና ጉልበታቸው ሳይጠና፣ ኃላፊው ቢሮ ገቡ። ኃላፊው ገና በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ክራቫቱ የማይዛነፍ፣ ሰው አክባሪ ሰው ነው። ከወንበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ የዓመቱ ውጤት በቀለም ተሥሎ ተለጥፏል። የታችኛው ሠፈር መስመር አምና ተራራ ሠርቶ ነበር፤ ከአሥራ አንድ ወር ወዲህ ግን እንደ ተኛ ክር ዜሮ ላይ ተዘርግቷል።

«ይቆፈር ነው የምለው፣» አሉ ጋሽ ጠብታ። «የታችኛው ሠፈር ቱቦ ከቆሻሻ ማውረጃው ቦይ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። አንድ ቦታ ተበስቷል።»

«በምን አወቁ?»

«ጠጥቼ ታመምኩ።»

ኃላፊው ሳቁን በእጁ ሸፈነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሆድዎን እዚህ ግራፍ ላይ የት ላድርገው? መመሪያው እንደሆነ ያውቁታል። መንገድ የሚቆፈረው ሦስት መጥፎ ውጤት በተከታታይ ሲመጣ ነው። እኔ ጋ ያለው ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ነው።»

«አምና አምስት መጥፎ ውጤት መጥቶ አልነበረም?»

«መጥቷል። የሰረዝነው በማን ደብዳቤ ነው?»

በሳቸው ደብዳቤ ነው። የአምናው ናሙና ወሳጅ «ችኩሉ» የሚሉት ሰው ነበር፤ መኪና ውስጥ ዳቦ እየበላ፣ በቅባት እጁ ጠርሙስ የሚከፍት፣ ሁሉን ነገር ፈጠን ፈጠን አድርጎ የሚገላገል። ከታችኛው ሠፈር አምስት ሳምንት በተከታታይ ጀርም ሲገኝ ጋሽ ጠብታ አንድ ገጽ ጻፉ። «ናሙና ወሳጁ ንጽሕና ስለሚጎድለው ውጤቶቹ ሊታመኑ አይችሉም» አሉ። ውጤቱ ተሰረዘ። ችኩሉ የመሥሪያ ቤቱ በር ጠባቂ ተደረገ። በእሱ ቦታ «ጥንቅቋ» የሚሏት ወጣት መጣች፤ እሷ ከመጣች ወዲህ አንድም ጀርም አልተገኘም።

«ሰውየውን ቀየርን፤ ውጤቱ ጸዳ፣» አለ ኃላፊው እጆቹን ዘርግቶ። «ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?»

እንደ ሒሳብ ልክ ሆኖ የገጠመ ነገር ነው። ያንን ያህል ልክ መሆኑ ነው የሚያበግናቸው።

«ነገ ከጥንቅቋ ጋር ናሙና ለመውሰድ እወጣለሁ፣» አሉ ሲነሡ።

«ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴ የራሴ ጉዳይ ነው።»

ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ይሆናል፣ ከላቦራቶሪው ወጥተው አያውቁም። ጠርሙሱ ወደሳቸው ይመጣል እንጂ እሳቸው ወደ ጠርሙሱ አይሄዱም። በማግስቱ ማለዳ ከሾፌሩ ጎን ቁጭ ብለው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ታችኛው ሠፈር ወረዱ። የዙሩ መጀመሪያ እሱ ነው። ከዚያ ሌሎች ስምንት ቦታ ተዞሮ፣ ጠርሙሶቹ በበረዶ ሣጥን ተጭነው ላቦራቶሪ የሚደርሱት ከምሳ በኋላ ነው።

ጥንቅቋ ሥራዋን ስትጀምር ጋሽ ጠብታ ልባቸው ሞቀ። ፀጉሯን በጨርቅ ሸፈነች። ጓንት አጠለቀች። የቧንቧውን አፍ በአልኮል ጠረገች፤ በእሳት ለበለበችው። ውሃውን ለቀቀችና ሰዓቷን እያየች ሦስት ደቂቃ ሙሉ አፈሰሰችው። መጀመሪያ ትልቁን የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ለጨውና ለብረት መመርመሪያ የሚሆነውን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቃ ሞላችው። የድሮው መምህራቸው ቢያዩዋት ማስመሪያቸውን ይሸልሟት ነበር።

ቀጥላ ትንሿን የመስታወት ጠርሙስ አነሣች፤ ክዳኗ በብር ወረቀት የታሸገውን፣ ለጀርም የምትሆነውን። ወረቀቱን በጥንቃቄ ገለጠች። ሩብ ያህል ውሃ ጨመረች። ከደነች። ናጠችው። ደፋችው።

«ምን አደረግሽ?!» አሉ ጋሽ ጠብታ፤ ድምፃቸው መንገዱን ሞላው።

ልጅቱ ደነገጠች። «አለቀለቅኳት ጋሼ። ገና አንዴ ነው፤ ሁለት ይቀረኛል።»

«እሷን ማን አለቅልቂ አለሽ?»

«እርስዎ!»

«እኔ?»

«ግድግዳው ላይ አለ እኮ! ገና ሥራ የጀመርኩ ቀን ነው በቃሌ የያዝኩት። ‹ማንኛውም ጠርሙስ ከመሞላቱ በፊት በሚቀዳው ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ።› የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው አሉኝ። አንድ ቀን አጉድዬ አላውቅም ጋሼ፣ እናቴ ትሙት!»

ጋሽ ጠብታ ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው በቧንቧው ግንብ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ወረቀቱን የጻፉት ከሃያ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ላቦራቶሪው ጀርም መመርመሪያ አልነበረውም፣ «ማንኛውም ጠርሙስ» ማለት ሁሉም አንድ ዓይነት ጠርሙስ ማለት ነበር። ትንሿ ጠርሙስ ስትመጣ ለችኩሉ በቃል ነገሩት፤ «ይህችን አታለቅልቅ» አሉት። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ግን አልነኩትም። እንዲያውም ቆንጆ ጽሑፍ ነው ተብሎ በፕላስቲክ ተሸፈነ።

«ነይ እዚህ፣» አሉ በመጨረሻ። «የጠርሙሷ ቂጥ ላይ ነጭ ነገር አይተሽ አታውቂም?»

«አይቻለሁ። ዝቃጭ መስሎኝ ነው እሱን ሙልጭ አድርጌ የማወጣው።»

«ዝቃጭ አይደለም። እኔ ነኝ የማስገባው። ጨው ነው፤ የክሎሪን ማርከሻ። ውሃችን ውስጥ ክሎሪን አለ አይደል? ክሎሪን ጀርም ይገድላል፤ ግን ሲገድል ጊዜ ይፈልጋል። እዚህ ከጎን ባለ ቀዳዳ የገባ ጀርም ቧንቧው አፍ እስኪደርስ ለመሞት ጊዜ የለውም። ልጆቹ ከነሕይወቱ ነው የሚጠጡት። ያቺ ጨው ውሃው ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ክሎሪኑን ታቆመዋለች፤ ጀርሙም እንዳለ ይደርሰኛል። አንቺ ያቺን ጨው አጥበሽ ስትደፊያት…»

ልጅቱ ቀድማ ገባት። ጓንት ያጠለቀ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ክሎሪኑ መኪና ውስጥ መግደሉን ይቀጥላል።»

«አምስት ሰዓት ሙሉ። ለኔ የሚደርሰኝ ሬሳው ነው። ሬሳ ደግሞ አይበቅልም።»

ጋሽ ጠብታ ግን ጋሽ ጠብታ ናቸው፤ ገባኝ ብለው ብቻ አይተዉም። እዚያው ቧንቧ ላይ ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ አስሞሉ፤ አንዷ ሦስት ጊዜ ተለቀለቀች፣ አንዷ አልተለቀለቀችም። ሁለቱም በአንድ ሣጥን ውስጥ ዙሩን ዞሩ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም አጣርተው፣ በየሳህናቸው አድርገው፣ ሕያው ጀርም ካለ አድሮ እየበዛ በዓይን የሚታይ ነጥብ እንዲሆን፣ ሙቀቱ ልክ የሆነው ሣጥን ውስጥ አስገቧቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሣጥኑን ሲከፍቱ ጥንቅቋ ከጀርባቸው ቆማ ነበር። የተለቀለቀችው ጠርሙስ ሳህን እንደ አዲስ ወረቀት ነጭ ናት፤ ዜሮ። ያልተለቀለቀችው ሳህን ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ፈስሷል። ጋሽ ጠብታ በእርሳስ ጫፍ እያመለከቱ ቆጠሩ። ሰባ ሦስት። አንድም ቢሆን መኖር አልነበረበትም።

«ስንት ልጅ አሳመምኩ?» አለች ጥንቅቋ፤ እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን ወረደ።

«አንቺ የተጻፈውን ነው ያነበብሽው፣» አሉ ጋሽ ጠብታ። ማጽናናት አይችሉበትም፤ ድምፃቸው ቁጣ ይመስል ነበር። «አፍንጫሽን ጥረጊና ያንን ወረቀት ከግድግዳው ላይ አውርጂልኝ።»

ኃላፊው ሳህኗን አየ፤ ፊቱም ተለወጠ። ክፉ ሰው አይደለም። ወዲያው ግን ዓይኑ ወደ ግራፉ ሄደ።

«አንድ መጥፎ ውጤት። ጥሩ፣ ማለቴ… ገባኝ። እንግዲህ በመመሪያው መሠረት ሁለት ሳምንት ጠብቀን…»

«ሁለት ሳምንት!»

«ሦስት ተከታታይ ነው የሚለው ጋሼ፣ እኔ አልጻፍኩትም።»

«የአምናዎቹ አምስቱስ? እውነተኞቹ እነሱ ነበሩ። ችኩሉ አያለቀልቅም ነበር።»

«እነሱ ተሰርዘዋል።»

«በደብዳቤ የተሰረዘ በደብዳቤ ይመለሳል።»

ኃላፊው በሩን ሄዶ ዘጋው። ተመልሶ ሲቀመጥ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ እንደ አባት ነው የማይዎ። ያንን ደብዳቤ ካነሡ አሥራ አንድ ወር የፈረሙበት ሁሉ ውሸት ነበር ማለትዎ ነው። የዓመቱ ሪፖርት ወደ ላይ ሄዷል፤ ያለ አንድ እንከን ተብሎ ምስጋና መጥቶልናል። ጡረታዎ ስምንት ወር ነው የቀረው። ከዛሬ ጀምሮ በትክክል እንሥራ፤ ሁለት ሳምንት ይጠበቅ፤ መቆፈሩ አይቀርም። ለምን በማለቂያው ስምዎን ያበላሻሉ?»

እውነት ለመናገር ጋሽ ጠብታ ወዲያው «እምቢ» አላሉም። ስማቸውን ይወዱታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከቱቦ ሥር ጠብታ ሲቆጥሩ የኖሩት ለሱ ነው። ሁለት ሳምንት ደግሞ ለመሥሪያ ቤት ምንም ማለት አይደለም፤ አንድ የፊርማ ዙር ነው። ግን ጓዳ ውስጥ የሰሙት ጭርጭርታ በጆሯቸው አለ። ያቺ ልጅ ከዚህ ወዲያ ሁለት ሳምንት የሚቀነስባት ሥጋ የላትም።

«ወረቀት ይስጡኝ፣» አሉ።

እዚያው የኃላፊው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ጻፉት። እጃቸው የለመደውን ቆንጆ ጽሑፍ መጻፍ አልቻለም፤ ሁለት ጊዜ ቀደው በሦስተኛው ጨረሱት። «የአምናውን ናሙና ወሳጅ ንጽሕና ይጎድለዋል ስል የጻፍኩት ስሕተት ነው። አምስቱ ውጤቶች ትክክለኛ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከታችኛው ሠፈር ዜሮ ብዬ የፈረምኩባቸው ሁሉ ሊታመኑ አይችሉም። ስሕተቱ የመጣው እኔ ከጻፍኩት የሥራ መመሪያ ነው።» ፈረሙና ወደ ኃላፊው ገፉት። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ተነፈሰ፤ ስልኩን አንሥቶ ቆፋሪዎቹን ጠራ።

ቅጂውን ይዘው ወደ በሩ ወረዱ። ችኩሉ የጥበቃ ቤቱ ውስጥ ሬድዮ ከፍቶ ተቀምጧል። አሥራ አንድ ወር ጠዋትና ማታ በአጠገቡ ሲያልፉ «ደህና አደርክ» ከማለት ሌላ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ወረቀቱን ሰጡት። እየተንተባተበ አነበበው፤ ሬድዮውን ዘግቶ እንደገና አነበበው።

«ታዲያ እጄ ንጹህ ነበር?»

«ንጹህ አልነበረም፣» አሉ ጋሽ ጠብታ፣ ልማድ ሆኖባቸው። «ግን ውጤቱ ከእጅህ አልነበረም።»

ችኩሉ መሳቅ ፈልጎ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረበት። መዳፎቹን ዘርግቶ አሳያቸው። ቆዳው ተላልጧል፤ ጣቶቹ መሃል ተሰነጣጥቋል። «ያቺ ደብዳቤ ከተነበበች ወዲህ በቀን አሥር ጊዜ ነው የምታጠበው። ሚስቴ ምን ነካህ ትለኛለች። ልጄን አቅፌያት ስትታመም፣ እኔ ነኝ ያስያዝኳት እላለሁ።»

ጋሽ ጠብታ እጆቹን አይተው ዓይናቸውን ሰበሩ። «ሥራውን ለጥንቅቋ ስታስረክብ፣» አሉ፣ «ስለ ትንሿ ጠርሙስ ለምን አልነገርካትም?»

«ጠየቀችኝ። ሁሉም ግድግዳው ላይ ተጽፏል አልኳት።» መዳፎቹን ሰበሰበና፦ «ተናድጄ ነበር ጋሽ ጠብታ። የጥንቁቅ ሰው ጽሑፍ ነው፣ እሱን ተከተይ፣ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ አልኳት።»

መኪና ጡሩንባ ነፋ፤ ችኩሉ በሩን ሊከፍት ተነሣ።

ታችኛው ሠፈር በማግስቱ ተቆፈረ። ሠፈሩ እልል ይላል ብሎ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል። ውሃው አራት ቀን ተቋረጠ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ባልዲ የያዘችው ሴት ከላይኛው ሠፈር ጀሪካን ተሸክማ ስትወርድ ጋሽ ጠብታን አይታ «ቢቆሽሽም ይወርድልን ነበር» አለች። ጫማ ጠጋኙ ጉድጓዱ ዳር ዕቃውን ይዞ መግባት አቅቶት ተራገመ። በሦስተኛው ቀን ቆፋሪዎቹ ቱቦውን አገኙት፤ ከቆሻሻ ማውረጃው ቦይ ሥር ዝጎ ተበልቶ፣ እንደ ወንፊት ሆኗል። ውሃ ሲኖር ወደ ውጭ ያፈስሳል፤ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ከቦዩ ወደ ውስጥ ይስባል። እህትየው ጉድጓዱን አጎንብሰው አዩና ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ወንድማቸውን ቀና ብለው አላዩዋቸውም፤ ለቀናት አንድ ቃል ሳይናገሯቸው ከረሙ። የተፈላውን ውሃ ለልጅቱ በማንኪያ እያጠጡ፣ ቧንቧውን በጨርቅ አስረው ቆዩ።

አዲሱ ቱቦ ተቀበረ፤ በክሎሪን ታጠበ። ናሙናውን ጋሽ ጠብታ ራሳቸው ወሰዱ፤ ጥንቅቋ ዱላቸውን ይዛላቸው። ትንሿን ጠርሙስ አላለቀለቁም። በማግስቱ ከረፋዱ ሳህኗን አውጥተው መስኮቱ ላይ አስቀመጧትና ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ነጭ ናት። ዜሮ። ድሮ ቢሆን ይህች ሳህን ቀናቸውን ታበራላቸው ነበር። ዛሬ ግን ነጭነቷን እንደ ተጠርጣሪ ሰው ፊት ነበር የሚመረምሩት። አገላበጧት፤ የሙቀቱን ልክ አዩ፤ የጨውን ጠርሙስ አሸተቱ፤ ሌላ ናሙና እንዲመጣ ሲያዝዙ ስልኩ ጠራ።

«እሺ?» አሉ እህታቸው፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ወጣልህ?»

«ወጥቷል እትዬ።»

«ንጹህ ነው?»

«ነገ ልንገርሽ።»

«ምነው ዛሬ ምን ይላል?»

«ዛሬ ንጹህ ነው የሚለው።»

«ታዲያ?»

«ለዚህ ነዋ ነገ ያልኩሽ።»

ከወዲያ በኩል ልጅቱ የሆነ ነገር ስታንኳኳ ይሰማል፤ ድስት ሳይሆን አይቀርም።

«ጨርቁን ከቧንቧው ላይ አልፈታም እንግዲያ፣» አሉ እህታቸው።

«አትፍቺ፣» አሉ ጋሽ ጠብታ።